ቀዳዳው

አባቴ ሊያዎ ነው፣ መጠሪያው ሁዎ-ቱ፤
ሲፈታ አፈር ነው ስሙ ከነእሳቱ።
ጁሻን ተራራ ላይ፣ ጉም በማይለቀው፣
ቀርከሃ ሲያከስል ነው ዕድሜው ያለቀው።

አራት ዓመት ያልሞላው ግንድ አይቆርጥም እሱ፤
«ልጅ ነው» ይላል ገና፣ «ውሃ ነው ነፍሱ»።
በጭስ ከርሞ ደርቆ እቶን ውስጥ ሲታጨቅ፣
በሩን በጭቃ መርጎ ይቀመጣል ሊጠብቅ።

ሙቀት መለኪያ ገዝቼለት ነበር፤
ዶሮ ቤት ሰቀለው፣ ለጫጩት ይናገር።

ጭሱን ነው የሚያነብ፦
ነጭ ሲሆን ውሃው ነው፣
ቢጫ ሲሆን ስኳሩ፣
ሰማያዊ ሲሆን ይነሳል ከወንበሩ፤
ጭሱ ጠፍቶ ሲያልቅ፣ አየር ብቻ ሲቀር፣
ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል ባፈር።

ከሳምንት በኋላ እቶኑ ሲከፈት
በጥፍሩ ያንኳኳዋል፤
ከሰሉ ይጮኻል እንደ ብረት።

እኔ የምሠራው ቻንግኋ ነው፣ ቆላ፣
ክር ፋብሪካ ውስጥ፣ ማታ ከሦስት በኋላ።
ያባቴን ከሰል ወፍጮ ያደቅቀዋል፣
ከዓይን እስኪሰወር፣ ጣት ብቻ ያውቀዋል።
ከቀለጠ ፖሊስተር ጋር ይቦካና
ኑግ መስሎ ይፈሳል ተቆራረጠና።
ኑጉ ደግሞ ይቀልጣል፣ በወንፊት ይወጣል፣
ከፀጉር የቀጠነ ክር ሆኖ ይመጣል፤
አንድ ቅንጣት ብቻ ከሻከረች ግና
ክሩ ብጥስ ይላል፤ እንግዲህ እንደገና።

ከዚያ ሼቶው ይሄዳል፣ የካልሲው ከተማ፣
በየጓዳው ማሽን ሲያጉተመትም የሚሰማ።
ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፦
«ሽታ ይመጥጣል፣ እግር ያሞቃል፣
የቀርከሃ ነፍስ አለው፣ ይተነፍሳል»።

እኔ ለካሁት።
አይመጥጥም። አያሞቅም። አይተነፍስም።
ጥቁር ነው። ያ ብቻ።

የከሰል ጉልበቱ ቀዳዳው ነውና፣
በአንዲት ቁራጭ ውስጥ ሺህ በር፣ ሺህ ጎዳና፤
ፕላስቲኩ ቀልጦ ገባ በየበሩ፣
እዚያው ደረቀና ተዘጋ አየሩ።
ሦስት ገጽ ሪፖርት ለአቶ ሺዩ አቀረብኩኝ፤
«እናየዋለን» አለ፤ መሳቢያ ሲከት አየሁኝ።

መቃብር በሚጠረግበት በዓል ሰሞን
ጁሻን ወጥቼ ለአባቴ ነገርኩት።
ሳቀ፣ አሳለ፣ ደግሞ ሳቀ።
«እኔ የምደፍነው እሳቱ እንዲሞት ነው።
አንቺ ደፍነሽ ስታበቂ
ተንፍስ ትይዋለሽ?»

ከእቶኑ አጠገብ፣ ለመሬቱ አምላክ
በተሠራች የጡብ ጎጆ፣ ሻማ ለኩሶ ነበር።
ሻማው ዘመመ፤ ከመረጠው ከሰል ላይ ተንጠባጠበ።
በትንሽ ነገር የማይቆጣው አባቴ
ያን ቀን ተቆጣ፤ ከሰሉን አንስቶ
የፈላ ውሃ ውስጥ ጣለው።
ሰሙ ወጣ፣ ተንሳፈፈ።
እኔ ከሰሉን ቀለም ውስጥ ነከርኩት።
ጠጣ።
ምንም እንዳልነካው ጠጣ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ፣ በሰረቅኩት ሰዓት፣
ማሽኑ በሚያርፍበት በእሑድ ሌሊት፣
ዱቄቱን ሰም አጠጣሁ አስቀድሜ፣
በሩን ሁሉ ዘጋሁ በገዛ ማኅተሜ።
ፕላስቲኩ ሲመጣ ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤
ደጁን አንኳኩቶ በጎን አልፎ ሄዷል።
ክሩ ተፈትሎ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ
ሰሙማ ቀልጦ ሄደ፤ የቀረው ወርቁ ነው፤
ወርቁ ምንድን ነው ቢሉ፣
ባዶ ቀዳዳ ነው።

ሁሌ አይሳካም። ከአሥር ጥቅል አራቱ ይበላሻል።
አቶ ሺዩ ስለ ወጪው ያጉረመርማል።
የማሸጊያው ጽሑፍ አልተለወጠም፤
ድሮ ውሸት ነበር፣ አሁን ግማሽ እውነት።

የመጀመሪያውን ጥንድ ለአባቴ ላክሁ።
ደወለ። «ጥቁር ነው» አለ፤
ስለ ዶሮዎቹ አወራኝ።

በብርዱ ወር ሄድኩኝ፤ እቶን ፊት ተቀምጧል፣
ጫማውን አውልቋል፣ ጭሱ ነጭ ሆኗል፤
የግራ አውራ ጣቱ ካልሲውን በስቶ ወጥቷል።
«እዪው» አለኝ፣ ጣቱን እያወዛወዘ፣
«ተነፈሰ»።