ሁለት በመቶ መዳብ

ዚንክ ናይትሬት አይታመንም፤ ክዳኑ ገና ሲከፈት
የጅማን አየር ይጠጣል፣ ያውም የነሐሴን እርጥበት፤
ዓይኔ እያየ አሃዙ፣ ሚዛኑ ላይ ይከብዳል፤
ጋሽ ተማም ከኋላዬ፣ «ፍጠኚ ዘቢባ!» ይላል።
ሁለት በመቶ መዳብ፣ ከማንኪያ ጫፍ ያነሰ፣
ሰማያዊ ቅንጣቱ፣ ከነጩ ጋር ታመሰ።
ሶዳው ጠብ፣ ጠብ ሲልበት፣ ውሃው እንደ እርጎ ረጋ፤
አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት፣ ሰባቴ፣ እስኪነጋ።

መዳቡ ለምን? ብትሉኝ፣
ንጹሑ ኦክሳይድ ኩሩ ነው፤
ከፀሐይ ማዕድ ቀርቦ፣ የሚቆርሰው ጥቂት ነው፤
ዓይናችን የማያየውን፣ ከሐምራዊ ማዶ ያለውን
ብቻ ይመርጥና፣ ይመልሳል የቀረውን።
መሐሉ ባዳ ሲገባ፣ አጥሩ ትንሽ ሲጎድል፣
የናቀውን ብርሃን መቅመስ ይጀምራል።
(ባዳ ሲበዛ ግን አይሆንም። በአምስት በመቶ ሞክሬ
ያተረፍኩት አመድ ነው፣ ወሩን ሙሉ ጥሬ ግሬ።)

ምድጃው አምስት መቶ ዲግሪ፣ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤
ሦስት መቶ ሰማንያ ላይ፣ መብራት ድርግም ይላል።
ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ሙሉው ጨለመ።
እጄ ወደ በሩ ሲሄድ፣ ጋሽ ተማም መሐል ቆመ፤
«አትክፈቺው» አለ በስልኩ ብርሃን፣ «ያኮረፈ ሰው ነው፤
ሲነካኩት ይብስበታል፣ ሲተዉት ነው የሚሻለው።»
ጄኔሬተሩስ?
«ናፍጣ የለም።»
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እኛ ዝም።
በማግስቱ ከዜሮ።

ፈተናው በጨለማ ይጀምራል። ግማሽ ሰዓት በጨርቅ ጠቅልዬ
አማስላለሁ፤ ዱቄቱ ብቻውን የሚጠጣውን ለይቼ፣
የእሱን ለእሱ፣ የፀሐይን ለፀሐይ ልስጥ ብዬ።
ከዚያ ጣሪያ ላይ፣ በረጅም ገመድ፤
ማግኔቷ ብርጭቆው ውስጥ ትዞራለች፣ እንደ ዕብድ።
ደመና ሲመጣ ሸፈንኩ፤ ደመና ሲሄድ ገለጥኩ፤
ስንቴ ተነሣሁ መሰላችሁ፣ ስንቴ ደግሞ ተቀመጥኩ።
ሰማያዊው ሳሳ፤ የጠዋት ሰማይ መሰለ፤
ከዚያ ብዙ የታጠበ ሸሚዝ፤ ከዚያ የለም፣ ወይም ያለ
የሚመስል ጥላ።
ዘጠና አንድ ከመቶ!
ጋሽ ተማም አጨበጨበ፣ ብርጭቆውን በመስኮቱ አይቶ።

ግን ያ ውሃ የእኔ ነው፤ የተጣራ፣ እኔው የነከርኩት ቀለም፤
ወንዝ አያውቅም፣ ሳሙና አያውቅም፣ ጭቃ ነክቶት አያውቅም።

ከአዌቱ ዳር፣ አሮጌ ጅንስ የሚያቀልም ሸሪፍ አለ፤
ክንዱ እስከ ክርኑ ሰማያዊ፤ ሌላ ቀለም ካየ ቆየ።
«ቀለሜን ልታጠፊ ነው?» ብሎ ስቆ፣ ጀሪካኑን ሞላልኝ፤
«ሱሪው ላይ ያለውን አትንኪ እንጂ፣ የወንዙን ውሰጂልኝ።»

ሃያ ሰባት።
ደገምኩት። ሃያ ስድስት።
ያው ዱቄት፣ ያው ፀሐይ፣ ያችው ማግኔት ብትዞርም፣
ጨውና ሳሙናው አፉን ይዘውት፣ ቀለሙን አልቀመሰም።
«ይህ መግባት አለበት?» የሚል፣ ከረቂቄ ዳር በቀይ ተጽፎ ነበረ፤
ከሥሩ «አዎ» ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ ትንሽ ቢያመነታም፣ አልቀረ።

ቅዳሜ ወረድኩ። ሸሪፍ ከበርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሎ
ሱሪ ያገላብጣል፤ «ስንት?» አለኝ፣ ዱላውን ጥሎ።
«ሃያ ሰባት።»
«ከመቶ?»
«ከመቶ።»
በክርኑ ግንባሩን ጠረገ። «የኔም የመጀመሪያው ሱሪ
ዝንጉርጉር ሆኖ ወጥቶ፣ ባለቤቱ ሊደበድበኝ ነበር» አለና፣
ሳልጠይቀው ጀሪካኑን ሞላው እንደገና።

በጉልበቴ መሐል ይዤው፣ በየጉድጓዱ ይንቦጫረቃል፤
የባጃጁ ሹፌር በመስታወት፣ «እህቴ፣ ቀለም ነው? ወንበሬን ያበላሻል!»
«አይዞህ» አልኩት፣ «ከመቶው ሃያ ሰባቱ ይለቃል።»