ቁልፍ

ሚዛን ነው እንጀራዬ። ስልሳ እላለሁ፣ ስልሳ፣
ከጧት እስከ ማታ፣ ጆንያ ሲወድቅ ሲነሳ።
ከአዌቱ ወንዝ ማዶ፣ ከቆርቆሮው መጋዘን፣
ለሌላ አገር ቁርስ ነው፣ ቡና የምንመዝን።

ለቃሚዎቹ ሴቶች መቶ ሃያ ናቸው፣
ወንበር የላቸውም፣ ጣሳ ነው ወንበራቸው፤
ወንፊት ጭናቸው ላይ፣ ዓይናቸው ፍሬው ላይ፣
ጥቁር፣ ነቀዝ የበላው፣ ሻጋታ ያዘው ሲታይ፣
ጣት እንደ ዶሮ አፍ፣ ጠቅ አርጎ ያወጣል፤
አንዲት ካመለጠች፣ የአገር ስም ይወጣል።

ሩቂያ አባ ቢያ ከሁሉም ትፈጥናለች፣
ሁለት ልጅ፣ አንድ ወንድም፣ በጣቷ ታሳድራለች።
ወንድሟ ስኳር አለበት፤ መድኃኒቱ ከባሕር ማዶ፣
በዶላር ነው የሚመጣ፣ በበረዶ በርዶ።
ማንም አልነገራት፣ ያቺ ያጣራቻት
ፍሬ መርፌ ሆና፣ ዞራ እንደመጣችላት።

የካቲት መጨረሻ፣ ሰማያዊ ካፖርቷ ላይ
ክሩ የላላ አንድ ቁልፍ ሲወዛወዝ ሳይ፣
«ስፊው እንጂ» አልኳት። «ማታ» ብላ ሳቀች።
ማታ ቁልፉ የለም። ወንፊቷን አራገፈች፣
መሬቱን ዳበሰች፣ ጫማዋን ገለበጠች።
የለም።
ጆንያው ተሰፍቷል፣ መኪናው ተጭኗል፣
ሾፌሩ ሻዩን ጠጥቶ፣ ሸራውን አስሯል።
ስልሳ ብዬ ፈርሜያለሁ። ቁልፍ ስንት ግራም ነው?
ሚዛኑ አላየውም። አይቶ ዝም ያለው እኔ ነው።

ጊቤን ወርዶ ወጣ፣ ማኅተም በማኅተም ለበሰ፣
በሞጆ አድርጎ፣ ጋላፊን አልፎ፣ ጅቡቲ ደረሰ።

ሚያዝያ ላይ ስልክ ጮኸ። አቶ ነዚፍ አነሳ፣
ቆሞ ጀመረው፣ ተቀምጦ ጨረሰው።
«ገዢው አልቀበልም አለ።»
ሌላ ቃል አልወጣውም። በሩም ተዘጋ።
አንድ ሳምንት፣ ሁለት፤ ሦስተኛው ነጋ።
ያኔ ነው ያየሁት፣ አንድ በር ሲዘጋ ስንት በር እንደሚዘጋ፦
ባቄላ የምትቀቅል ፋጤ ድስቷን ደፍታ፣
ባጃጁ ፀሐይ ሲሞቅ ከጧት እስከ ማታ፣
ጆንያ ሰፊው ደምሰው መርፌውን ኮፍያው ላይ ሰክቶ፣
ጫኙ ሂርማታ ወርዶ፣ የሚሸከመው አጥቶ፤
ግብር ሰብሳቢው እንኳ በሞተር ሳይክል መጥቶ
የበሩን ቁልፍ አይቶ ተመለሰ።
የመንግሥትም ኪስ ለካ
በሩቂያ ጣት ነው የሚለካ።

ማታ ቤቴ መጣች። «በእኔ ነው?» አለችኝ፣
ካፖርቷን ጨብጣ፣ በዓይኗ ለመነችኝ።
«ያቺ ቁልፍ ናት አይደል? የፈረንጅ ጥርስ ሰበረች?»
ምን ልበላት? የፈረምኩ እኔ፤ ምላሴ ደረቀች።

በኋላ ነው የተሰማ። ናፍታ ነው፣ ከመኪናው የፈሰሰ፣
የአንድ ጄሪካን ሽታ፣ ሦስት መቶ ጆንያ ያረከሰ።
ቡና ቂመኛ ነው፤
አጠገቡ የተኛውን ሽታ፣ እስኪቆላ አይረሳም።
አቶ ነዚፍ በቅናሽ፣ ለሌላ ገዢ ሸጠው፣
መኪናውን ቀየረ፣ እዳውን ዋጠው።

ሰኞ ስንመለስ፣ ሬዲዮው ተከፍቶ፣
አንድ ድምፅ ይናገራል፣ ጉሮሮውን አጽድቶ፦
«የወጪ ንግዳችን የኢኮኖሚው ቁልፍ ነው!»
ሩቂያ ቀና አለች። ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።
«ሰማህ?» አለችኝ፣ ካፖርቷን በመርፌ ቁልፍ ይዛ፣
«የእኔን ነው የሚለው። ደርሳለች ተጉዛ።»
ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ቪዛ፣
በስልሳ ኪሎ ውስጥ ተመዝና፣
ዛሬ የት ወደብ፣ የማን መጥበሻ ዳር ይሆን የወደቀች?
ማንም አልጠየቀን። ምናልባት አንድ ለቃሚ
እዚያም አለች፤ አግኝታት፣ ኪሷ ከታት ይሆናል።

ቀጣዩ ጆንያ ወጣ፣ የሚዛኑ መርፌ ዋዠቀ።
እንደ ድሮው አልቸኩልም አሁን፤
መጀመሪያ የሩቂያን ካፖርት በዓይኔ እቆጥራለሁ፣
አንድ፣ መርፌ ቁልፍ፣ ሦስት፣ አራት፤
ከዚያ ነው «ስልሳ» ስል፣ ከዚያ እፈርማለሁ።