የመጀመሪያው ውኃ

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከመናኸሪያው ደጅ፣
ጁስ ቤት አለችኝ፤ አምስት ወንበር፣ አንድ ፍሪጅ።
ማንጎው ከቡሬ ነው፣ ሙዙ ከብር ወንዝ ማዶ፣
ብርቱካኑ ባይሱዙ ይደርሳል ማልዶ።
የምሸጠው ውስጡን ነው።
ልጣጩን በማዳበሪያ ሞልቼ፣
ማታ ማታ ከቦዩ እደፋው ነበር ጎትቼ።
ዝንብ ያውቀው ነበር ያን ሰዓት፤ አህያም ያውቀው ነበር፤
እኔ ነኝ ያላወቅሁት ምን እንደምደፋ ከበር።

አንድ ማታ፣ በጥቅምት፣ ባልዲ ይዛ መጣች፤
"አያ መኳንንት፣ አትድፋው፤ ለፍየሌ ነው" አለች።
ፈንታነሽ ነው ስሟ።
የማን ፈንታ እንደሆነች አልጠየቅኋትም።
ፍየል መቼም ይበላል፤ መስጠቱም አልከበደኝም።

በሳምንቱ ግን፣ ነጋዴ ነኝና፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣
"ባልዲው አምስት ብር ነው" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ።
ከመቀነቷ ፈታች፤ ሳንቲም፣ ሳንቲም፣ አንድ በአንድ፤
የሙዝ ልጣጭ ገዝታ ሄደች፣ በዚያ በአቧራው መንገድ።

"ፍየልሽ ወለደች ወይ?" አልኳት አንድ ቀን ስቄ።
"ወልዳለች፤ ሁለት" አለች። እኔም ሳቅሁ አድምቄ።

ፍልሰታ ገባ። ዝናብ ያዘኝ ከሰፈሯ፤
ቆርቆሮው ሲደበደብ ተጠለልኩ ከበሯ።
"ግባ እንጂ" አለች፤ ገባሁ። ፍየሏ ግን የለችም፤
ችካል የለ፣ ገመድ የለ፣ በጠጥም አይሸትም።
ሁለት ልጆች ከመደቡ ላይ፣ ደብተር ዘርግተው፣
አዩኝ። እሷን አዩ። ድስቱ ከከሰሉ ላይ ይላል ተው፣ ተው።

የሙዝ ልጣጭ ነው ውስጡ። ጥቁር ጥቁር ጫፉን ቆርጣ፣
እንደ ጎመን ከትፋ፣ ከቀይ ቁሌቱ አስምጣ።
የብርቱካኑ ልጣጭ በክር ተሰቅሎ፣ እንደ ቋንጣ ደርቆ፤
ሌላው ሙቀጫ ውስጥ፣ ከጨው ከሚጥሚጣ ደቅቆ።
የሐብሐቡ ነጭ ገላ፣ አረንጓዴው ተልጦ፣
ከሽሮው ውስጥ እንደ ዱባ ተቀምጧል ተቆራርጦ።

በላሁ።
ሲያልቅም ጣቴን ላስሁ።
የራሴን ጥራጊ በላሁ፣ የሸጥኩትን በአምስት ብር፤
ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ግን ልጣጩ አልነበር።

"ታዲያ ፍየሏ..." ብል፣
"ሰው ነውር ይለዋል" አለች፤ "ፍየል ግን ነውር የላትም።
ለልጆቼ ነው ብልህ ትሰጠኝ ነበር፤ ዓይንህ ግን አይምረኝም።"

ያን ሌሊት ቤቴ ሞከርኩ። ወንደላጤ ነኝ፤ አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፤
የብርቱካን ልጣጭ ቀቀልኩ፤ ኮሶ ሆነ፣ ሄደ ለመድፊያ።
በነጋው ነገርኳት። ሳቀች። ያን ቀን ነው ጥርሷን ያየሁ፤
ፊት ለፊቷ ቆሜ እኔም እንደ ተማሪ አፈርሁ።

"የመጀመሪያውን ውኃ አልደፋኸውም እንዴ?
ምሬቱ እሱ ጋ ነው፤ ይደፋ አንዴ።
ሁለተኛውም ይደፋ። ሦስተኛው ነው የሚበላ፤
ልጣጭ ቂም ይይዛል፤ የለመደው መጣል ነዋ፤ ታገሠው እስኪብላላ።"

አምስት አምስት ብሯን ቆጥሬ ልመልስላት አልኩ፤ እንቢ አለች።
"ሸምቼ ነው ያበላኋቸው፤ ይህንን አትውሰድብኝ" አለች።
ባልዲው ግን ካሁን ወዲያ በነጻ ነው፤ በዚህ ተስማማን፤
አልፎ አልፎ በሳህን ይመጣልኛል፣ ክዳኑ ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ሳንነጋገር ምንም፣ ምን።

አሁን ጧት ጁስ ቤቴን ስከፍት፣ ቢላዋ ሳላነሣ፣
ሳፋውን ውኃ እሞላለሁ፤ እጅጌዬ ይነሣ።
አጥባለሁ ብርቱካኑን፣ ማንጎውን፣ ሙዙን ሳይቀር፣
አንድ በአንድ፣ በጣቴ፣ ከእንብርቱ እስከ ሥር፤
አቧራውን፣ የጫኙን እጅ፣ ያይሱዙውን ናፍጣ።
ለአውቶቡስ የቸኮለ ይጮኻል፦ "ኧረ ውስጡን ነው የምንጠጣ!"

"ቆይ" እለዋለሁ።
ውኃውን ደፍቼ፣ እንደገና አጥባለሁ።