የውስጥ ምስክር

ሠላሳ አንድ ዓመት ከፍርድ ቤቱ በር፣
በደብረ ብርሃን ውርጭ ወረቀት ስጭር፣
የሰው ክስ፣ የሰው ፍቺ፣ የሰው ውርስ ስቋጥር፣
«አደራ፣ እንዳይሰማ» እያለኝ ስንቱ ሰው፣
መልሴ አንድ ነበረ፦ «ግድ የለም፣ ሆድ ይፍጀው።»

ፈጀው።

ከደረቴ ሥር ተነስቶ ምላሴን ያሾመጥረዋል፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ፣
ከበሬሳ ማዶ ውሾች ሲጮኹ እቆጥራለሁ።
ተልባ በጠበጠች ደብሪቱ ሚስቴ፣
አልበረደም ቃሬ፣ አልረጋም ደረቴ።
አረቄውን ተውኩት፣ በርበሬውን ተውኩት፣
የአልጋዬን ራስጌ በጡብ ከፍ አደረግሁት።

ዶክተር ትዕግሥቱ ግን መድኃኒት አልጨመረ፣
«ሳንፈርድ ምስክር ይሰማ» ብሎ ጀመረ።
የባቄላ ፍሬ ታክላለች ካፕሱሏ፣
ገመድ የላት፣ ሽቦ የላት፣ ብቻዋን ነው ውሏ፤
በአፌ አስገብተው ከምግብ ቧንቧዬ ግድግዳ
እንደ መዥገር ለጠፏት፣ ተቀመጠች እንግዳ።
የቀመሰችውን ሁሉ፣ ኮምጣጣውን ከለዘብታው፣
በአየር ታቀብላለች ከቀበቶዬ ላይ ላለው
ለትንሽ ጥቁር ሣጥን።
ስበላ አንዱን ቁልፍ ልጫን፣ ስተኛ አንዱን፣
ሲያቃጥለኝ ደግሞ ቀዩን።
ሲስተር ወይንሸት ደብተር ሰጠችኝ፦ «ይጻፉ» አለች፣ «ሰዓቱን።»

እኔ፣ የሰው ጸሐፊ፣ ለራሴ ብዕር ሳነሳ
«አመልካች» የሚለውን ቃል እጄ ረሳ።

ሰኞ፣ ጠዋት አንድ ተኩል፦ የገብስ ቂጣ፣ ሻይ።
ሰኞ፣ ሰባት ሰዓት፦ ሽሮ። ምንም የለም።
ሰኞ ሌሊት፣ ዘጠኝ፦ ቀዩን።
ማክሰኞ፣ አምስት ሰዓት፦ የባቄሎ ሰዎች በአጠገቤ አለፉ። ቀዩን።
ማክሰኞ ሌሊት፣ ዘጠኝ፦ ያንኑ።

ረቡዕ ሣጥኑን መለስኩ። መስመሩ ተሰመረ፣
እንደ ጣርማ በር መንገድ ይጠማዘዝ ጀመረ።
«እዚህ ጋ፣ ከምሳ ኋላ፣ ጥቂት አሲድ ነበረ፤
ያኔ ቀዩን አልነኩትም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን፣
ይዩት፣ አባቴ፣ ሜዳ ነው። አሲዱን ነፃ እንልቀቀውን?»
«ታዲያ ምን አቃጠለኝ?»
ዝም አለ።

ዘጠኝ ሰዓት የምትመጣውን እኔ አውቃታለሁ፦
ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ከባቄሎ።
የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት የባሏ ወንድም መጥቶ፣
የሟች አሻራ ያለበት ባዶ ወረቀት አውጥቶ፣
«ሙላልኝ» አለኝ።
ሞላሁለት፣ ቀኑን ወደ ኋላ ጽፌ።
መቶ ብር። «ሆድ ይፍጀው» ያልኩትም በገዛ አፌ።
ገብሷን ሌላ አጨደው።

ካፕሱሏ በሳምንቷ ራሷን ነቅላ ወረደች፣
መውደቋን አላየሁም፤ ቃሏን ሰጥታ ሄደች።
ዛሬ ከጠረጴዛዬ ላይ አንድ ንጹሕ ወረቀት፣
ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫንኩበት፣
«ጉዳዩ፦» ብዬ ጻፍኩ።
ቀጥሎ ያለው አልመጣም።
ጣቴ ከቀበቶዬ ላይ ቀዩን ቁልፍ ፈለገ፤
ሣጥኑ የለም።