ሺ ፈራው

አባቴ ስም ሲያወጣ «ሺፈራው» ነው ያለኝ፣
ሺ ሰው ይፍራው ብሎ፣ ጀግና ሊያስመስለኝ።
ሺው ይቅር… ካገሩ አንድም የፈራኝ የለ፣
እኔ የምፈራው ግን ከኮትህ ላይ አለ።
ከደረትህ መሃል፣ ባራት ቀዳዳ ዓይኑ
ሳይጨፍን የሚያየኝ፣ ሌሊት ይሁን ቀኑ።

ቁልፍ ነው ጠላቴ። በር የሚከፍተው አይደለም፣
የልብስህ ቁልፍ ነው። ሳቅ። ያልሳቀ ሰው የለም።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ከደሴ ኮምቦልቻ
ወጣሁ፣ ወረድሁበት፣ ሌሊትም ለብቻ።
ሐረጎን ስወርደው፣ ጉም መንገዱን ሲውጥ፣
የጭነት መኪና ከፊቴ ሲያፈጥጥ፣
እጄ አይንቀጠቀጥ፣ ልቤ ስንዝር አይሮጥ።

ችግሩ ደሴ ናት። ከጦሳ ሲነፍስ ብርዱ፣
ፒያሳ ላይ ሁሉም ኮት ቆልፎ ነው መሄዱ።
በመስታወቴ ሳይ፣ ዐሥራ አንድ ሰው ተሳፍሯል፤
ለኔ ግን አርባ ዓይን ከኋላዬ ሰፍሯል።
ቁልቁል ስንወርድ ግን፣ ወበቁ ሲጀምር፣
ኮት ሁሉ ወልቆ፣ ታጥፎ፣ ከጭን ላይ ሲከመር…
ለዚህ ነው ኮምቦልቻን እንደ እናት የምወዳት፣
ሽቅቡን ደሴን ግን፣ አገሬን፣ የምፈራት።

«ምን አግኝቶህ ነው?» ይሉኛል። ምንም አላገኘኝም።
በልጅነት ቁልፍ አልዋጥሁ፣ በቁልፍ ማንም አልመታኝም።
እናቴ ጠበል ወሰደችኝ፣ አክስቴ ዱዓ አስደረገች፤
ፍርሃቴ ጨዋ ናት፤ ሁለቱንም ሰምታ፣
አሜን ብላ ተቀመጠች።

ረዳቴ እንድሪስ፣ ነገሩን ሰሞኑን ያወቀ ሰሞን፣
ከሳንቲም ቀላቅሎ ሰጠኝ፣ አንዲት ነጭ፣ የሸሚዝ የሆነችውን።
መታጠፊያው ላይ ቆሜ ሳስመልስ ሲያይ ደነገጠ፤
ከዚያ ወዲህ ሒሳቡን
እንደ ምስር እየለቀመ ሰጠ።

እግዜር ቀልድ ያውቃል፤ የጦይባ፣ የሚስቴ ሥራ
ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው፣ ቁልፍ ከሚተከልበት ተራ።
ስንት ሺውን ተክላ ውላ፣ ስትመጣ ከደጅ ትቆማለች፣
እጇን በሳሙና ፈትጋ፣ አሽትታ፣ ደግሞ ትታጠባለች።
ከዚያ ነው የምትነካኝ። ነገሩን አናነሳውም፤
ፍቅር ሳሙና ይሸታል ብል፣ ማንም አያምነውም።

ዘንድሮ ሙና ልጄ ትምህርት ቤት ተመዘገበች፣
ሰማያዊ ሹራብ ተሰጣት፣ ባለ አምስት ቁልፍ፤ ጨፈረች።
ጦይባ የሌሊት ፈረቃ ናት። የጎረቤት በር አልተከፈተም፤
ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ከኔ በቀር ማንም የለም።

ተንበረከክሁ። በዚያ ብርድ ላብ ከግንባሬ ወረደ፤
ሐረጎን የሚያውቀው እጄ፣ ከዳኝና ራደ።
አየችኝ። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ታያለች ብላችሁ?
«ዓይንህን ጨፍን አባዬ» አለች፣
«እኔ እቆጥርልሃለሁ።»

«አንድ።»
ቀዘቀዘኝ፣ እንደ ሐይቅ ዓሣ ዓይን።
«ሁለት።»
ጉም ነው፣ ሺፈራው። ማርሽ ቀይር። ቀስ በል።
«ሦስት።»
ጥግህን ያዝ፣ በስተግራ ገደል።
«አራት።»
ጥርሴ ጥርሴን ነከሰ።
ከዚያ ዝም አለች። ቆየች።
«አምስተኛው ቤት የለውም፣ አባዬ» አለች።

ዓይኔን ገለጥሁ። ሹራቡ ተጣሟል፤
አንድ ትከሻዋ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል ሆኗል፤
ቤት ያጣው ቁልፍ ካገጯ ሥር
አፍጥጦ ያየኛል።

ልፍታው? እንደገና ልጀምር? አልቻልሁም።
እሷም «ይሁን» አለች፤ አልጠበቀችኝም፤
ጠማማዋን ለብሳ፣ እየዘለለች ወጣች።

በሩን ዘጋሁ። በኪሴ ያለው ቁልፍ ሌላ ነው፤
እሱን አልፈራም፤ አሽከረከርሁት።
ከታች እንድሪስ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» ይላል።
የመጀመሪያው ተሳፋሪ ካፖርት ለብሷል፤ እስካንገቱ ቆልፏል።

ነገም ጠዋት አለ።
ነገም አምስት።