ሐረጎን ስንወርድ

ከሮቢት ስነሳ ጭጋግ ነው ከተማው፣
ሚኒባሱ ሙሉ ገና ያልነቃ ሰው።
የጦሳን ትከሻ አላየሁም ዛሬ፣
መስታወቴን ያዝኩኝ ጭኔ ላይ ገትሬ።
ቦርሳዬን ከፈትኩ፦ ዱቄት፣ እርሳስ፣ ቀለም፤
ለዚህ ሌላ ሰዓት ሌላ ክፍል የለም።
ቤት አምስት ሴት አለን፣ መስታወቱ አንድ ነው፣
መብራቱም እንግዳ፣ ሲያሻው የሚሄደው።

ጋሽ እብሬ ሾፌሩ ነገሬን ያውቀዋል፣
ኩርባዋ ስትቀርብ ጡሩምባ ይነፋል።
ከፊት ለሚመጣ መኪና ይመስላል፤
ለኔ ነው፦ «እጅሽን ከዓይንሽ አንሺ» ይላል።
በአንዱ ኩርባና በሌላው መካከል ቀጥ ያለች መንገድ አለች፤
አጭር ናት፣
ግን ለአንድ ዓይን ትበቃለች።

ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣
«ጌታ አሳምሮ የሠራው ፊት ምን ጎድሎት ይቀባል ከሰል?»
ረዳቱ ሙሄ ሳንቲም እየቆጠረ
«ለማን ነው ግን?» ብሎ ነገር ጀመረ።

ለማን ነው?
ለራሴ እላለሁ። አንዳንድ ጠዋት እውነት ነው።
አንዳንድ ጠዋት ግን መልሱ ከኔም ሩቅ ነው።

ኮምቦልቻ ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን፣ ሹራቤን አውልቄ
ሦስተኛው መስኮት ገባሁ፣ የባንኩን ሻርፕ አጥልቄ።
አቶ ታምሬ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ
«ቀለሙን ቀነስ፣ ደንበኛ ይደነግጣል» አለኝ፣ ፋይል እንደ ጋሻ ታቅፎ።
ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዳ ሊመጣ ሲል ግን
ራሱ ነው የደወለው፣ ማታ በሦስት ሰዓት፦
«ነገ አምረሽ ነይ እንጂ፤ ፎቶ እንነሳለን በአራት።»

ጦይባ አራተኛው መስኮት ናት፤ ፊቷ ውዱእ እንጂ አያውቅም ቀለም፤
እሷን ደግሞ «ደረቅሽ፣ ፈገግ በይ» ሳይሏት የመሸ ቀን የለም።
ምሳ ሰዓት እንስቃለን፦ ከኔ ሂሳብ ቀንሰው
ለሷ ገቢ ቢያደርጉት
ምናለ፣ በአንድ ደረሰኝ ቢጨርሱት።

አንድ ሰኞ ታጥቤ ብቻ ገባሁ።
ሦስት ሰው «አሞሻል?» አለኝ፤ አንዱ ሎሚ ገዝቶ መጣ።
የሰፈር ለቅሶ ደግሞ፣ ከሥራ በቀጥታ ድንኳን ስገባ፣
ኩሌ ከእንባዬ ጋር ወረደ። ከጀርባዬ ሹክ አሉ፦
«ይቺ ለማልቀስም ተኳለች።»
ሟቿ ሽቶዬን እየለመነች ትቀባ የነበረች ሴት ነች።

ያ ማክሰኞ ግን ጋሽ እብሬ ታሞ ቀረ፣
ሌላ ልጅ መሪ ጨበጠ፤ ጡሩምባ ሳይነፋ ኩርባውን ዞረ።
እርሳሴ ከዓይኔ ጥግ አመለጠች፣
እስከ ጆሮዬ ግንድ ሄደች።
ሶፍት አልነበረኝም። ተውኳት።
«አዲስ ፋሽን ነው?» አሉኝ፤ አቶ ታምሬ አይቶ እንዳላየ አለፋት።

አምስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ዘሀራ፣ ከሐርቡ፣
ልጃቸው ከጅዳ የላከችውን ሊያወጡ መስኮቴ ቀረቡ።
አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፣
አልሄዱም ግን፤ በመስታወቱ አሻግረው እኔን እያዩ ቆሙ።
«ይቺ ቀጭን መንገድ ወዴት ነው የምታደርሰው?»
«ሐረጎ ላይ ነው እናቴ፣ መኪናው ነው ያንገጫገጨው።»
ሳቁ። ጥርስ በጎደለው አፋቸው ሙሉ ሳቁ።
«እኔም በቅሎ ላይ ሆኜ ነው የተኳልኩት፣ የሰርጌ ለት፤
በቅሎዋ ደነበረች፣ ግራ ዓይኔን አበላሸሁት።
ባሌን በቀኜ አስቀመጥኩት፣
አርባ ዓመት ሙሉ በቀኜ አኖርኩት።»

ቀለሙን እንዲጠርጉ ወረቀት ሰጠኋቸው።
ጣታቸውን ወደ ብርሃን አዞሩት፣ ሐምራዊ፣ እስከ ጥፍሩ ሥር፤
«ይቆይ» አሉ፣ «ያምራል።»
ከረጢታቸውን አንስተው ሄዱ።

ማታ ሐረጎን ስንወጣ ጭጋጉ ግማሽ መንገድ ወርዶ ጠበቀን፤
መስመሯ እንዳለች ናት።
ሙሄ ሂሳብ ሲሰበስብ ጎንበስ ብሎ አየኝ፣
«ዛሬስ ለማን ነው?» አለኝ።
«መልሴን ስጠኝ» አልኩት። «አሥር ብር ይቀረኛል።»