ጀልባውን ይጠብቁ

መኪናችን አዲስ ናት፣ ሽታዋ ያልጠፋ፤
መሪ በጨበጠ ቁጥር ባሌ ደረቱን ነፋ።
ከዳሽቦርዱ መሃል፣ የትሪ ያህል ሰፊ
መስታወት ተገትሯል፣ ቀን ከሌት ለፍላፊ።
ውስጡ አንዲት ሴት አለች፤ ትሑት፣ የከተማ፣
ሰው ሲናገር የማትሰማ።

«ከእንግዲህ ማን ጠፍቶ! ከእንግዲህ ማን ዞሮ!»
አለን ሻጩ ሻርታን፣ ፈገግታ አሳምሮ፤
«መንገዱ በሙሉ እዚህ ውስጥ ታጉሮ!»
አልነገረን እንጂ፣ ያቺ የታጎረች ካርታ
ሦስት ክረምት ከርማለች ፋብሪካ ተኝታ።

በአሮጌዋ መኪና አንድ ቁልፍ ነበር፣
ወደ ቀይ ሲያዞሩት ሙቀት ነው፣ ያለ ምክር።
አሁን ማሞቂያ ለማብራት ሴትዮዋን ማስፈቀድ ነው፤
ሬዲዮ ስንከፍት ካርታው የሚጠፋው!

ቅዳሜ፣ ወደ እህቴ ቤት ጉዞ ስንጀምር፣
አድራሻዋን በጣቴ ልጽፍላት ብሞክር፣
«መኪናው ሲቆም ነው» አለችኝ በክብር።
እኔ እኮ ነጂ አይደለሁም! ነጂው እዚያ አለ!
እጄ ሥራ የፈታ፣ ዓይኔም ያልተከለከለ!
ብጮህባት፣ ቃሏን ሳትለውጥ፦
«መኪናው ሲቆም ነው።»
ቆምንላት። ዝናብ ነው። ጣቴን ከጓንቴ ባወጣ፣
አንዱን ፊደል ስነካ ጎረቤቱ መጣ።
ደግሞ ያቺ የኛ ፊደል፣ ክቧ፣ እንደ ዓሣ ሆዷን
በሰያፍ ጦር የተወጋች፣
ሦስት ገጽ ገልጬ አጣኋት መንገዷን።
ያለእሷ ብዮርኖይ ብዮርኖይ አይሆንም፤
ሴትዮዋ ስትጠራው፣ ሳል እንጂ ስም አይሆንም።

ስልክ ደወልኩ ለሻርታን። «ካርታው ይታደሳል» አለ፤
ዋጋው ግን አራት የበረዶ ጎማ አከለ።
የጎረቤቴ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ፣
በስልኩ ያየዋል በነጻ፣ መንገዱን ከነቤቱ።

ከሁሉ ግን ድልድዩ።
በግንቦት ተመርቆ፣ ሪባኑ ተቆርጦ፣
ፊዮርዱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ እርምጃ አቋርጦ፣
ቆሟል።
እኛ አስፋልት ላይ ነን፣ ከብረት ገመዱ ሥር፤
ቀስቷ መስታወቱ ላይ ከዓሣ ጋር ስትሽከረከር።
«ወደ ኋላ ይዙሩ። በተቻለ ፍጥነት ይዙሩ።
ወደብ ሲደርሱ ይቁሙ። ጀልባውን ይጠብቁ።»

የቱን ጀልባ፣ አንቺ ሴትዮ?
ጀልባዋ ተሸጣለች፤ ስሟ ከነቀለሟ ተፍቆ፣
ለማላውቀው ባሕር ሄደች ገመዷ ተለቆ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መሪዋን የያዘ
ባሌ ነው፣ ኦድቫር፤
በስንብት ገንዘቡ ይህችን መኪና የገዛ።

ያን ምሽት ከእህቴ ቤት ሳንደርስ ስንመለስ፣
እኔ ተቆጥቼ፣ ኬኩ ጭኔ ላይ ሲፈርስ፣
«ጀልባውን» ስትለው፣ ሳይመልስ፣ ሳይከራከር፣
ታጠፈ ወደ ግራ፣ ወደ አሮጌው ወደብ ዳር።

ሰንሰለት ተዘርግቷል። ትኬት ቤቱ ታሽጓል።
ሞተሩን አጠፋ፤ መስታወቱ ግን አልጠፋም።
ዝናቡ ጣራችንን ይደልቃል።
«ጀልባውን ይጠብቁ» አለች፣ በዚያ በማያልቀው ትሕትናዋ።
ሰዓቱን አየ። «አሥራ ሁለት ከአርባ» አለ።
«ይኼኔ መብራቷ ከአለቱ ጀርባ ብቅ ብሎ ነበር።»
ልጣላው የያዝኩት ነገር
አፌ ውስጥ ቀለጠ፤ ኬክ ቆረስኩለት።
በላን።
ጠበቅን።

ማክሰኞ ሻርታን ደወለ፦ «በግማሽ ዋጋ ላድስላችሁ!»
«ይቅር» አለው ኦድቫር፤ «ካርታዬን አትንኩብኝ።»
«ተሳስቷል እኮ!»
«አውቃለሁ።»
ስልኩን ዘጋ።

እኔም አልተከራከርኩም። ግን ሰው ነኝ፣ እህት አለችኝ፤
ከነዳጅ ማደያው ሱቅ የወረቀት ካርታ ገዛሁ፣
ሰባት ጊዜ የሚታጠፍ፤
ከወንበሬ ሥር ሸጉጬዋለሁ።
ሴትዮዋ መናገር ስትጀምር
በተረከዜ እዳብሰዋለሁ።